የጥግግት ካርታ አሠራርና አነባበብ፦ ለእግረኛ ሲሙሌሽን ተጠቃሚዎች

አንድ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ አስቡ። በየሁለት ካሬ ሜትሩ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሰዉ እንደልቡ ይራመዳል፤ በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ። በደቂቃ 39 ሰው ያልፋል።

አሁን እዚያው መተላለፊያ ውስጥ በካሬ ሜትር 4 ሰው እናጭቅ። እርምጃው በሰከንድ ወደ 0.16 ሜትር ይወርዳል። በደቂቃ ስንት ሰው ያልፋል? 38 ገደማ። ያው ነው!

በሩ ላይ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ሁለቱን ሁኔታዎች መለየት አይችልም። በአንደኛው ሰው ስልኩን እያየ ዘና ብሎ ያልፋል። በሌላኛው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይንፏቀቃል። ቁጥሮቹን ያሰላሁት የእግረኛ እንቅስቃሴ ተመራማሪው ኡልሪሽ ቫይድማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የፍጥነትና የጥግግት (በካሬ ሜትር ያለው የሰው ብዛት) ቀመር ነው። ፍሰትን ብቻ ቆጥሮ መተው የማያዋጣው ለዚህ ነው። ሰዉ የት እንደተጨናነቀ የሚነግረን የጥግግት ካርታ ነው።

ግን ካርታው ፎቶግራፍ አይደለም። የመረጣችሁለት ሰዓት፣ የመለኪያ ስፋት፣ የአማካይ አወሳሰድና ቀለም ውጤት ነው። አንዱን ስትቀይሩ ያው ሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራው የሰዎች እንቅስቃሴ፣ ሌላ ታሪክ ያወራል። ስለዚህ ቁልፉን ተጭናችሁ ያማረውን ሥዕል ከመቅዳታችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። ከሲሙሌሽን ፕሮግራሞቹ ማስሞሽን፣ ሊጂን፣ ቪስዎክ፣ ፓዝፋይንደር ወይም ነፃውን ጁፔድሲም ብትጠቀሙ፣ የምናሌው ስም ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

"መጨናነቁን ማየት እፈልጋለሁ" ጥያቄ አይደለም። "ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባሉት 15 ደቂቃዎች፣ በሰሜኑ መወጣጫ ላይ ሰው በካሬ ሜትር ከ2 በላይ ሆኖ ለስንት ጊዜ ይቆያል?" ጥያቄ ነው። ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ወሰን አለው። የትኛውን ካርታ እንደምትመርጡም ራሱ ይነግራችኋል።

2. ካርታ ከመሥራታችሁ በፊት ሞዴሉን ፈትሹ

መጀመሪያ ልኬቱን። ከአርክቴክቱ የመጣው ሥዕል በሚሊሜትር፣ የእናንተ ሶፍትዌር በሜትር ሊሆን ይችላል። አንድ በር ለኩ። ስፋቱ 900 ሜትር ከወጣ ችግሩ ተገኝቷል። ያን ያህል ሲበዛስ ማንም ያየዋል። የሚያስቸግረው ትንሹ ስህተት ነው፤ ለምሳሌ የበሩ ፍሬም ተረስቶ 90 ሳንቲሜትር መሆን የሚገባው መተላለፊያ 1 ሜትር ሲሆን።

ቀጥሎ አመጣጣቸውን። 600 ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል ብሎ በየደቂቃው 10 ሰው መልቀቅ ቀላል ነው። ባቡር ግን እንደዚያ አያወርድም። ሁለት መቶውን ባንዴ ዘርግፎ ይሄዳል። የጥግግት ካርታ ለዚህ በጣም ስሱ ነው። አመጣጡ ከተለሳለሰ ካርታውም ይለሳለሳል።

ከዚያ ኤጀንቶቹ፣ ማለትም የሲሙሌሽኑ ሰዎች፣ የሚፈጠሩበትን ቦታ እዩ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሰዎቹን በአንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያበቅሏቸዋል። እዚያ ካርታው ላይ የሚታየው ቀይ፣ ማለትም የመጨናነቅ ቀለም፣ የሐሰት ቀይ ነው። መግቢያውን ከምታጠኑት ቦታ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ አርቁት። መድረሻውም እንደዚያው ነው። ሁሉም ወደ አንዲት ነጥብ እንዲሄዱ ካዘዛችኋቸው፣ ነጥቧ ላይ ይከመራሉ። ነጥቧን በሰፊ ቦታ ወይም በመስመር ቀይሯት።

በመጨረሻ አንዴ ዝም ብላችሁ አኒሜሽኑን ተመልከቱ። ቁጥር ሳትጽፉ። ግድግዳ ጥግ ላይ ተጣብቆ የሚሽከረከር አንድ ኤጀንት ካለ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታጎራል፤ ካርታው ላይም ግሩም ማነቆ መስሎ ይወጣል።

3. የመለኪያውን ስፋት ምረጡ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ጥግግት ማለት የሰው ቁጥር ሲካፈል ለቦታ ስፋት ነው። የትኛው ቦታ? ወለሉን ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፈላችሁ እንበል። የአንዱ ካሬ ስፋት 0.25 ካሬ ሜትር ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው እዚያ ካሬ ውስጥ ሲገባ፣ ካርታው "በካሬ ሜትር 4 ሰው" ይላል። ካሬውን ወደ 25 ሳንቲሜትር ብታጠቡት 16 ይላል። አንድ ብቸኛ ሰው!

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለዩ። አንዱ ሥዕሉ የሚሳልበት ካሬ ነው። እሱ ቢጠብ ምንም አይደለም፤ ከ25 እስከ 50 ሳንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ጥራት ይሰጣል። ሌላው ሰው የሚቆጠርበት ስፋት ነው። ብዙ ጊዜ በየካሬው ዙሪያ የሚዞር ክብ ነው። የክቡ ሬዲየስ 1 ሜትር ከሆነ ስፋቱ 3.14 ካሬ ሜትር ነው፤ ያ ብቸኛ ሰው ወደ 0.32 ይወርዳል። ይህ ነው ጤናማው ቁጥር።

ክቡም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ግድግዳ አጠገብ ግማሹ ክብ ከግድግዳው ውጭ ይወድቃል። ፕሮግራሙ ያንን ግማሽ ካልቀነሰው፣ በእውነት 2 የሆነው ጥግግት 1 ሆኖ ይታያል። ሰው የሚታመቀው ደግሞ ግድግዳ ጥግ ነው። በቀጭን ግድግዳ ማዶ ያለውን ሰውም አብሮ የሚቆጥር ክብ አለ። የፕሮግራማችሁን መመሪያ ክፈቱና ክቡ በግድግዳ እንደሚቆረጥ አረጋግጡ። ካልሆነም ሙከራ ሥሩ፦ ግድግዳ ተጠግተው የቆሙ የታወቀ ቁጥር ያላቸው ኤጀንቶች አስቀምጡና ካርታው ምን እንደሚል እዩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው አማራጭ የቮሮኖይ ዘዴ ነው። ለእግረኛ ልኬት እንዲሆን አድርገው ስቴፈንና ዛይፍሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 አቅርበውታል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለእሱ የሚቀርበውን መሬት ይሰጡታል። ግማሽ ካሬ ሜትር ከደረሰው፣ እሱ ያለበት ቦታ ጥግግት 2 ነው። ካርታው እምብዛም አይዘልም፣ ለጠባብ ቦታም ይመቻል። ከግርግሩ ጠርዝ ያለው ሰው ግን ሜዳውን ሁሉ ይወርሳል፤ ስለዚህ የድርሻው ስፋት ላይ ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። ጁፔድሲምን የሚሠሩት ሰዎች ፔድፓይ የሚባል፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ መሣሪያ ስላወጡ፣ የኤጀንቶቹን እንቅስቃሴ በፋይል ማውጣት ከቻላችሁ ይህን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ካርታውን በ1 ሜትር ሬዲየስ ከሠራሁ በኋላ በ1.5 ሜትር እደግመዋለሁ። ቀዩ ቦታ ብን ብሎ ከጠፋ፣ መጀመሪያም ያን ያህል ቀይ አልነበረም።

4. የትኛው ካርታ?

አንድ ቦታ ለ2 ደቂቃ በካሬ ሜትር 4 ሰው ነበረበት፤ በቀሪው 58 ደቂቃ ባዶ ነበር። ካርታው ምን ይላል?

አማካይ ካርታው 0.13 ይላል። ጭው ያለ ባዶ ቦታ። የከፍተኛ ጥግግት ካርታው 4 ይላል። ከወሰን በላይ የቆየበትን ጊዜ የሚያሳየው ካርታ፣ ወሰኑን 2 ካላችሁት፣ "2 ደቂቃ" ይላል። አራተኛው ሰዎቹ ራሳቸው ያዩትን ጥግግት የሚያሳየው ነው። እሱም 4 ይላል፤ ምክንያቱም ባዶው ሰዓት ምስክር የለውም፣ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ያዩት 4ን ነው። አራቱም እውነት ተናግረዋል።

አማካዩ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ፍሰት ላለው ቦታ ይጠቅማል። መምጫና መሄጃቸው በማዕበል ለሆነ ቦታ ግን አትመኑት። መጠቀም ግድ ከሆነ የጊዜ መስኮቱን አጥብቡ፤ ከሰዓቱ ውስጥ ጫና የበዛባቸውን 5 ወይም 15 ደቂቃዎች ብቻ ውሰዱ። አንዳንድ ፕሮግራም አማካዩን የሚወስደው ሰው በነበረባቸው ቅጽበቶች ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው ባዶውንም ይጨምራል። ይህንንም ሳታውቁ ሁለት ሶፍትዌሮችን አታወዳድሩ።

ከፍተኛው ካርታ አስፈራሪ ነው። ሦስት ሰው ለአንድ ሰከንድ ቢተላለፍ ያ ነጥብ እስከ መጨረሻው ቀይ ሆኖ ይቀራል። የት እንደምፈልግ ለማወቅ እከፍተዋለሁ፤ ለውሳኔ አላቀርበውም።

እኔ የማደላው ለጊዜ ካርታው ነው። ለማንም ሰው ሊገባ በሚችል ቋንቋ ይናገራል፤ "እዚህ ጋ ለ7 ደቂቃ ተጨናንቋል" ይላል። አንድ ነገር ግን ይደብቃል። 7 ደቂቃው በተከታታይ ነው ወይስ እየተቆራረጠ? በየጊዜው አሥር አሥር ሰከንድ መጨናነቅና ሰባት ደቂቃ ሙሉ ተይዞ መቆም በጣም ይለያያሉ። ስለዚህ ቀይ በሆነው ቦታ ላይ የመለኪያ ክልል ሳሉና ጥግግቱ ከሰዓት ጋር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግራፍ አውጡ። ካርታው "የት" ይላል፣ ግራፉ "መቼ" ይላል።

5. ቀለም

የቀለም መስፈሪያው በአብዛኛው የመጣው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሥራ የእግረኛን ምቾት ከኤ እስከ ኤፍ በስድስት ደረጃ ከፈለው። ኤ ነፃ ነው፣ ኤፍ መፈናፈኛ የለውም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ፍሩይን አንድ ሳይሆን ሦስት ሠንጠረዥ እንዳለው ነው። የየደረጃው የላይኛው ወሰን፣ በሰው በካሬ ሜትር፣ ይህን ይመስላል።

ለመተላለፊያ፦ ኤ 0.31፣ ቢ 0.43፣ ሲ 0.72፣ ዲ 1.08፣ ኢ 2.15፤ ከዚያ በላይ ኤፍ።
ለመወጣጫ፦ ኤ 0.54፣ ቢ 0.72፣ ሲ 1.08፣ ዲ 1.54፣ ኢ 2.69፤ ከዚያ በላይ ኤፍ።
ለመጠበቂያና ለሰልፍ፦ ኤ 0.83፣ ቢ 1.08፣ ሲ 1.54፣ ዲ 3.59፣ ኢ 5.38፤ ከዚያ በላይ ኤፍ።

በካሬ ሜትር 1 ሰው ብንወስድ፣ መተላለፊያ ላይ ዲ ነው፤ መወጣጫ ላይ ሲ፤ ሰልፍ ላይ ቢ። ሰልፉን በመተላለፊያ ቀለም ከቀባችሁት ሕንፃው ሁሉ የሚቃጠል ይመስላል። መተላለፊያውን በሰልፍ ቀለም ከቀባችሁት ደግሞ ሁሉ ሰላም ይሆናል፤ ይሄኛው ይብሳል። ስለዚህ ወለሉን በአገልግሎቱ ከፋፍሉና ለየክፍሉ የራሱን መስፈሪያ ስጡት። ሶፍትዌሩ ካልፈቀደ ሦስት ካርታ አውጡ።

ቀጥሎ፣ ራሱ የሚስተካከለውን ቀለም አጥፉት። አንዴ ይሄ ነገር አዋርዶኛል። ሁለት አማራጮችን አቅርቤ "ሁለተኛው ለውጥ አላመጣም፣ ቀዩ እንዳለ ነው" አልኩ። ከተሰበሰቡት አንዷ ከካርታው ጎን ያለውን መስፈሪያ አንብባ "የመጀመሪያው ቀይ 5 ነው፣ የሁለተኛው ቀይ 2 አይደል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ሶፍትዌሩ በየካርታው ላይ ትልቁን ቁጥር እየፈለገ ቀይ ይቀባው ነበር። ከዚያ ወዲህ መስፈሪያውን በእጄ ነው የምቆልፈው።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች እንዳሉም አትርሱ። ከፈዛዛ ወደ ጥቁር የሚሄድ ቀለም ለሁሉም ይነበባል፤ በጥቁርና ነጭ ቢታተምም አይጠፋም።

6. አሁን አንብቡት

ጀማሪ ቀዩን ያያል። የቆየ ሰው ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን አረንጓዴ ያያል።

ማነቆ ሲኖር ሰው የሚከመረው ከማነቆው በፊት ነው። ካለፈ በኋላ ይበታተናል። ስለዚህ ካርታው ላይ ቀይ፣ ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ይሆናል። ችግሩ ያለው ያ መሸጋገሪያ ላይ ነው። ቀዩ የሚያመው ቦታ ነው፤ በሽታው ያለው ወዲያ ነው። አንድ ጊዜ ቀይ የሆነውን ኮሪደር በሞዴሌ ውስጥ አሰፋሁት። ፍሰቱ ንቅንቅ አላለም። ሰዉ በሰፊው ኮሪደር ተሰብስቦ መጠበቁን ቀጠለ። መንስኤው ከፊት ያለች አንድ ጥንድ በር ነበረች።

ቅርፁም ይናገራል። በበር ፊት ግማሽ ክብ ከሆነ፣ በሩ ከሚመጣው ሰው ያንሳል። መታጠፊያ ላይ የውስጡን ጥግ ተከትሎ የተሳለ ቀጭን መስመር ከሆነ፣ ሁሉም አቋራጩን መርጧል። እዚህ ላይ ግማሹን ሰዉ፣ ግማሹን ሞዴሉ ያመጣው ነው፤ ኤጀንቶች ከእኛ የበለጠ አጭር መንገድ ይወዳሉ። ሜዳ መሃል ላይ ያለ ምንም ግድግዳ ቀይ ከታየ፣ ሁለት ፍሰቶች እዚያ ይሻገራሉ። በሩን ማስፋት አይረዳም፤ መንገዳቸውን መለየት ነው።

ከዚያ የፍጥነት ካርታውን ከጎኑ አስቀምጡት። ጥግግቱ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ የወረደበት ሁሉ ችግር አይደለም። የሚጠብቅ ሰው ይቆማል፤ የመጣውም ለመቆም ነው። መሄድ ፈልጎ የቆመው ነው የሚያሳስበው። ካርታው ይህን አይለይም፤ የምትለዩት እናንተ ናችሁ።

ፍሰቱንም አስሉ። በአንድ ሜትር ስፋት የሚያልፈው ሰው፣ ጥግግት ሲባዛ በፍጥነት ነው። በቫይድማን ቀመር ጥግግቱ 1.5 ሲሆን ፍጥነቱ 0.81 ነው፤ በሰከንድ 1.2 ሰው ያልፋል። 3 ሲሆን ፍጥነቱ 0.33 ይሆናል፤ ፍሰቱም ወደ 1 ይወርዳል። ከእናንተ ሞዴል የወጣው ከዚህ በጣም ከራቀ፣ ለምሳሌ 3 ላይ ሆኖ ሰዉ በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ ከሆነ፣ ካርታውን ትታችሁ ወደ ኤጀንቶቹ ቅንብር ተመለሱ።

7. አንድ ጊዜ አስኪዶ ማመን አይቻልም

ሲሙሌሽኑ ውስጥ ዕጣ አለ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን ፈጣን እንደሆነ በዘፈቀደ ነው የሚወሰነው። የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ እየቀያየራችሁ ቢያንስ 10 ጊዜ አስኬዱት። በአሥሩም ላይ የሚመጣው ቀይ የቦታው ጠባይ ነው። በአንዱ ብቻ ብቅ ያለው የዕጣ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ግን አኒሜሽኑን ሳታዩ አትጣሉት።

ካርታዎቹን ስታዋህዱ ከፍተኛውን ካርታ ተጠንቀቁ። የሁሉንም ዙር ከፍተኛ ከወሰዳችሁ፣ ዙር በጨመራችሁ ቁጥር ካርታው እየቀላ ይሄዳል፤ አይወርድም። መካከለኛውን ዙርና የባሰውን ዙር ለየብቻ ማሳየት ይሻላል።

8. በፊትና በኋላ

ሁለት ካርታ ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን በዓይን መፈለግ አድካሚ ነው። አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ዜሮውን ነጭ፣ የቀነሰውን ሰማያዊ፣ የጨመረውን ቀይ አድርጉ። ካሬው፣ የጊዜ መስኮቱ፣ የሰዉ ብዛትና የዘፈቀደ መነሻዎቹ በሁለቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ስታዩም ያስተካከላችሁትን ቦታ ብቻ አትዩ። አንድ በር ሲሰፋ ሰዉ ቶሎ ቶሎ ወደሚቀጥለው በር ይደርሳል። ማነቆው አልጠፋም፤ ቤት ቀይሯል። ይህን የሚያጋልጠው የልዩነት ካርታው ነው፤ በሰማያዊው ማዶ አዲስ ቀይ ብቅ ይላል።

9. ካርታው የማይችለው

"በሞዴላችን ጥግግቱ ከ5 በልጦ አያውቅም፣ ስለዚህ ችግር የለም" የሚል ሪፖርት አይቻለሁ። ኤጀንቶቹ ሬዲየሳቸው 25 ሳንቲሜትር የሆነ ክቦች ነበሩ። እንዲህ ያሉ ክቦች ሳይደራረቡ ወለል ላይ በደንብ ቢደረደሩ እንኳ በካሬ ሜትር ከ4.6 አያልፉም። ሬዲየሱ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን ጣሪያው 7.2 ይሆን ነበር። ስለዚህ ያ ሪፖርት የተናገረው ስለ ሰዎቹ አይደለም፤ ስለ ክቦቹ ነው።

እውነተኛ ሰው ከዚያ በላይ ይታመቃል። ተመራማሪው ሄልቢንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐጅ ወቅት፣ በመካ አቅራቢያ ባለችው ሚና በተባለች ቦታ የደረሰውን አደጋ ቪዲዮ መርምረው በ2007 ባወጡት ጥናት፣ በአንዳንድ ነጥቦች ጥግግቱ በካሬ ሜትር 10 ሰው ደርሶ ነበር። የበለጠ ትኩረት የሚስበው ሌላው ግኝታቸው ነው። አደጋውን ከጥግግቱ ብቻ ይልቅ "የግርግር ግፊት" ያሉት መለኪያ በተሻለ ያሳየዋል። ጥግግቱን በፍጥነቱ መዋዠቅ ያባዙታል። ሰዉ ቆሞ ሳይሆን ሳይፈልግ ወዲያና ወዲህ ሲናጥ ነው የሚያስፈራው። ተራ የእግረኛ ሞዴል ይህን መናጥ አይፈጥርም።

በተግባር ይህ ማለት፣ ካርታችሁ ከ4 በላይ ሲያሳይ በ4.3 እና በ5.1 መካከል አትከራከሩ ማለት ነው። ሞዴሉ የሚታመንበት ክልል እዚያ ጋ ያልቃል። ሥራችሁ ቁጥሩን ማጥራት ሳይሆን ሰዉ እዚያ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

10. ከካርታው ሥር የሚጻፈው

ካርታ ከሪፖርቱ ተቆርጦ በስልክ ይላካል፤ መግለጫው ከሥዕሉ ጋር ካልተጣበቀ ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ ነው የማስቀምጠው። የእኔ ይህን ይመስላል፦

"ጥግግት ከ2.15 ሰው በካሬ ሜትር በላይ የቆየበት ጊዜ፣ በደቂቃ። የጊዜ መስኮት፦ መውጣት ከተጀመረ ከ0 እስከ 15ኛው ደቂቃ። መለኪያ፦ 1 ሜትር ሬዲየስ፣ በግድግዳ የተቆረጠ። የሥዕል ካሬ፦ 25 ሳንቲሜትር። ከ10 ዙር መካከለኛው። መስፈሪያ፦ የመተላለፊያ፤ የሰልፍ ቦታዎች ከካርታው ወጥተዋል።"

ካርታው የወጣበትን ጥሬ ፋይልም ከሥዕሉ ጋር አስቀምጡ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰው ደውሎ "ወሰኑን 1.5 ብናደርገውስ?" ማለቱ አይቀርም።